ስድስት ጠመኔ

«አባዬ፣ ጮክ ብለህ እንዳትናገር! ተራህ ሲደርስ በጆሮዬ ነው የምትነግረኝ» አለች ልጅቷ በጨለማው ውስጥ።

«ፈተናው የማን ነው፣ የእኔ ወይስ የአንቺ፣ ፕሮፌሰር?» ሳቀ አባቷ።

የባዮሎጂ የቤት ሥራዋ ነው። ከአባቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ዕቃ ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። መስኮቷን በካርቶን ሸፍነዋታል፤ በዳር በኩል የሚገባው ብርሃን ክር የሚያክል ነው።

«ዓይናችን ውስጥ ሮዶፕሲን የሚባል ቀለም አለ» ብለዋቸው ነበር መምህሩ ለክፍሉ ተማሪዎች። «ከቫይታሚን ኤ የተሠራች ሞለኪውል ፕሮቲን ውስጥ ጎብጣ ትቀመጣለች። ብርሃን ሲነካት ቀጥ ትልና ከፕሮቲኑ ትላቀቃለች። ጎረቤት ሴል ሄዳ፣ እንደገና ጎብጣ እስክትመለስ ደቂቃዎች ይፈጃል። ጨለማ ስንገባ መጀመሪያ የምንደናበረው ለዚህ ነው።»

መብራቱ ሳይጠፋ አባቷ ራሱ ስድስት የጠመኔ ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ባለው ትሪ ደርድሯል። መምህሩ ግን «ሰው የሚያውቀውን አየሁ ይላል፤ ከጨለመ በኋላ ቁጥሩን ቀይሩ» ስላሏቸው ሁለቱን ሰርቃ ኪሷ ከታለች። አሁን የቀሩት አራቱ ደብዘዝ ብለው ይታዩዋታል። ወንድሟም ጆሮዋን በምራቁ እያራሰ «አራት» አላት።

አባቷ ጎንበስ አለና «ስድስት» አለ።

የሚቀልድ መሰላት። ትሪውን ቀስ ብላ አንስታ ከጀርባዋ ደበቀችው። «እስቲ ደግመህ ቁጠር።»

«ስድስት አልኩሽ እኮ! ይኸው እያየኋቸው!»

ክው አለች። ወንድሟ ሊስቅ ሲል አፉን በእጇ አፈነችው። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዛሬም ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ጭኖ በገደሉ መንገድ ይወጣል።

መብራቱን አበራች። አባቷ ባዶውን ጠረጴዛ፣ ከዚያም በእጇ የያዘችውን ትሪ ከነአራቱ ጠመኔ አየ፤ ሳቁ እዚያው ደረቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «መንገዱን ግን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ጉድጓዱን ሁሉ ሳይቀር።»

«ጠመኔውንም በቃልህ ነበር የምታውቀው፣ አባዬ!»

«እባክሽ ልጄ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ። ደብተርሽ ላይም አራት ብለሽ ጻፊ። መንጃ ፈቃዴን ከነጠቁኝ ምን እንበላለን?»

አባቷ ሲለምናት አይታ አታውቅም። ከሁሉም ይበልጥ ያስደነገጣት ይህ ነው። ቫይታሚኑ ጎድሎት ከሆነ ይታከም ይሆናል፤ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። እሷ የምታውቀው አንድ የደብተር ገጽ ብቻ ነው።

ደብተሯ ላይ «አባዬ» ከሚለው ትይዩ ዜሮ ጻፈች። የአውቶቡሱን ቁልፍ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ አውርዳ ሁለቱ ጠመኔዎች ያሉበት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«የዓይን ሐኪሟ እስከ አስራ አንድ ሰዓት አለች» አለች። «ጫማህን አድርግ፣ አባዬ። በእግራችን እንሄዳለን።»