ታኮውን ማን ነቀለው?

ኦርቪል ሃፓላ የሞተው ወደ ሱፔሪየር ሐይቅ ሊነሳ በተዘጋጀበት ጠዋት፣ በገዛ ግቢው፣ በተጎታች ቤቱና በጋራዡ ግድግዳ መካከል ተጣብቆ ነው። መርማሪ ስታንሊ ግራቦ ሲደርስ ሬሳው ተነስቷል። ያ ግዙፍ ነጭ ተጎታች ግን ቁልቁለቱን ተንሸራቶ እንደወረደ፣ ቂጡን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ቆሟል።

«ነገሩ አልቋል ስታን» አለ ሸሪፍ ፕሬስተን። ሸሪፉ የግራቦን የመጨረሻ ልጅ ቢያክል ነው። ግራቦ ለዚያ ወንበር ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለተኛው ጊዜ ለዚህ ልጅ ዲግሪ ነበር የተሸነፈው። «ታናሽ ወንድሙ ድዋይት ነው። ማታ ሲጣሉ መንደሩ ሰምቷል። ደግሞ በአመክሮ የወጣ እስረኛ ነው። እስከ ምሳ ጠይቅ፤ ከዚያ ካቴና አስገብቼ እወስደዋለሁ።»

በአመክሮ የወጣ ሰው አንዴ ተመልሶ ከገባ፣ ቀሪ ዘመኑን እስኪጨርስ ማንም እንደማያስታውሰው ግራቦ ያውቃል። ወደ ቤቱ ደረጃ ሄደ። ድዋይት እዚያ ተቀምጧል፤ ቢራ ቢራ ይሸታል።

«ምን አጣላችሁ?»

«ጉዞው ነዋ! በዚህ ቤት ሌላ ወሬ አለ እንዴ? ከገና ጀምሮ ካርታ፣ ካርታ፣ ካርታ! እኔም ልምጣ ብዬ ለመንኩት። አልጋ የለም አለኝ። ስድስት ሰው የሚያስተኛ ቤት እየጎተተ፣ ለወንድሙ አልጋ የለም!»

«ከዚያስ?»

«ሰደብኩት፤ ጠጣሁ፤ ምድር ቤት ወርጄ ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የማርሊስ ጩኸት ነው። አንተም እንደነሱ ከሆንክ፣ ይኸው እጄ።»

«እጅህን ሰብስብ። ታኮው የት ነው የሚቀመጠው?»

«የምን ታኮ?»

ግራቦ ፊቱን ትንሽ አየውና ወደ ወጥ ቤት ገባ። የሟች ሚስት ማርሊስ ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሯል፤ በግራ እጇ ማንም የማይበላውን የመንገድ ሳንድዊች እየጠቀለለች ነው። ዓይኗ ደረቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሐይቁ ካርታ ተዘርግቷል፤ መንገዱ በቀይ እርሳስ ተሰምሯል።

«ጉዞውን ይወዱት ነበር?» አላት።

«ሃያ ዓመት ያው አንድ ሐይቅ! እኔ ባሕር ነበር የሚያምረኝ።»

«ስለዚህ ጠልተውታል።»

«ማንን? ሐይቁን ነው ወይስ ባሌን?» ሳንድዊቹን አስቀመጠች። «ሁለቱንም ለምጄያቸው ነበር።»

«ጎማው እንዳይንሸራተት ከስሩ ታኮ ሳያደርግ ቀርቶ ይሆን?»

«ኦርቪል ዝርክርክ ነው። ካልሲውን ከሶፋው ስር ነው የምለቅመው፤ የውሃ ቱቦውን እንደ አንጀት ጎንጉኖ ይወረውረዋል። ታኮ ግን አይረሳም። በወጣትነታችን ተጎታቹ ሐይቅ ሊገባብን ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከዚያ ወዲህ ፒካፑ ላይ ሳይታሰር ታኮውን አይነካም።»

«ፒካፑስ?»

«ገና መንገድ ላይ ቆሟል። ኦርቪል መጀመሪያ ከኋላ ጎንበስ ብሎ የክረምቱን ፀረ በረዶ ፈሳሽ ከተጎታቹ የውሃ መስመር ያፈሳል። ሁልጊዜ የጉዞው ቀን ጠዋት ነው የሚያፈሰው፤ አብሮን የሰፈረ ሁሉ ያውቃል። ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ክሊፎርድ ቀድሞኝ ደርሶ ተጎታቹን ሊገፋ ይታገላል።»

ክሊፎርድ የፊት ለፊት ጎረቤት ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች በየበጋው ተጎታቻቸውን አስከትለው አብረው ነበር የሚሄዱት። ሚስቱ ጆይስ በክረምቱ ሞታለች። ግራቦ ሊያነጋግረው የገባበት የክሊፎርድ ጋራዥ እንደ ቤተ ክርስቲያን የጸዳ ነው፤ ቱቦው፣ ገመዱ፣ የመብራት ሽቦው ሁሉ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ወገቡ ላይ ተሸጉጦ፣ በየምስማሩ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ አነስተኛ የእንጨት ሣጥን አለ።

«ኦርቪልን ማታ አይቼው ነበር» አለ ክሊፎርድ። «ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ጎማው ባዶውን ነው። ኧረ ታኮ አድርግ አንተ ሰው ብለው ሳቀብኝ።»

«ባዶውን መሆኑን አይተሃል?»

«በእነዚህ ዓይኖቼ!»

«እሷ ጆይስ ናት?» አለ ግራቦ ወደ ሣጥኑ እያየ።

«አመዷ ነው። ዘንድሮ ውሃ ዳር...» ክሊፎርድ ቃሉን ዋጠው። «እሷም ልትሄድ ነበር ለማለት ነው።»

ግራቦ ተመልሶ የተጎታቹን የጎን ሣጥን ከፈተ። የተጎነጎነውን ቱቦ እየጎተተ ሣሩ ላይ ጣለው። ሁለቱ ታኮዎች በአንድ ገመድ እንደተያያዙ ቱቦው ላይ ነበር የተቀመጡት። አንዱን ገልብጦ አየ። ገመዱን አየ። ከዚያ ሁሉንም ወጥ ቤት እንዲሰበስብለት ሸሪፉን ጠየቀ።

«ይቺን ስሙልኝማ» አለ፣ ታኮውን የሐይቁ ካርታ ላይ አስቀምጦ። «ኦርቪል ታኮ ማድረግ ረስቶ ነው ብንል፣ ይህ ታኮ ከትናንት ጀምሮ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። ሣጥኑ ደረቅ ነው። ታኮው ግን ይኸው።» ገለበጠው። እርጥብ ጭቃ ላይ አንድ ቀይ የምድር ትል ተላወሰ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ይህ መሬት ላይ ነበር። ጠዋት ነው የተነቀለው።»

«ራሱ ነቅሎት ቢሆንስ?» አለ ሸሪፉ።

«ፒካፑ ሳይታሰር? ያውም እሱ? ደግሞስ ነቅሎ፣ ሣጥን ውስጥ ከትቶ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ከተጎታቹ ኋላ የሚያጎነብስ ማን ነው? እሱ ፀረ በረዶውን ሊያፈስ እንዳቀረቀረ ሌላ ሰው ነው በእግሩ መትቶ ያስወጣቸው። ወይዘሮ ማርሊስ እጃቸው በጀሶ ነው፤ በአንድ እጅ ይህን ገመድ አይጠመጥሙም። ድዋይት ታኮ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ እሱ ቢሆን ሣሩ ውስጥ ወርውሮት ይሮጥ ነበር።»

ክሊፎርድ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ተቀመጥ ክሊፎርድ። የታኮውን ገመድ እይ። ኦርቪል ቱቦውን እንዴት እንደሚወረውር እናውቃለን። ይህ ግን በስምንት ቁጥር ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ወገቡ ላይ ተሸጉጧል። ሃያ በጋ ሙሉ እሱ የጣለውን ያነሳህ፣ የበተነውን የጠመጠምክ አንተ ነህ። ዛሬም ጭንቅላትህ ሲደነግጥ እጅህ የለመደውን ሠራ። ማታ ጎማው ባዶውን ነበር ያልከኝም አንተ ብቻ ነህ። ትሉ ግን ታኮው ስር ነበር።»

 ክሊፎርድ የካርታውን ቀይ መስመር በጣቱ ተከተለ።

«የሐይቁን ማደሪያ ቦታ ማስያዙን ለእኔ ተዉት ይል ነበር ኦርቪል» አለ። «ያስይዛል። ውሃ ዳሯ ለሱ፣ እኛ ሽንት ቤቱ ጀርባ። በየዓመቱ! ጆይስ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ወንበር ተሸክማ እነሱ ጋ ትለማመጥ ነበር። ዘንድሮ ለአንድ ቀን ብቻ እንቀያየር፣ አመዷን ልበትንላት አልኩት። ከሽንት ቤቱ ጀርባም ነፋስ አለ አለኝ። እየሳቀ!»

ግራቦ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለውን ሳቅ ያውቀዋል፤ በእሱም ስቀውበታል። ሰው አልገደለም እንጂ።

ሸሪፉ ለድዋይት ያዘጋጀውን ካቴና ለክሊፎርድ አጠለቀለትና ስልኩን አወጣ። «አዎ፣ ደርሼበታለሁ» ሲል ተሰማ። ድዋይት ሁለት እጆቹን አገላብጦ አየ።

ማርሊስ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ፊቷን በጀሶው ጠረግ አድርጋ፣ «የአመዱን ሣጥን ስጡኝ» አለች። «ጆይስ ምን አጠፋች? ቀብሩ ሲያልፍ ውሃ ዳር እኔው አደርሳታለሁ። ድዋይት፣ አንተ ትነዳልኛለህ።»

«አልጋ የለም ተብዬ የለ?»

«ፒካፑ ወንበር አለው። ዝም ብለህ ትነዳለህ።»

ክሊፎርድን በግቢው በኩል አወጡት። ሣሩ ላይ የተጣለው ቱቦ ጋ ሲደርስ ክሊፎርድ ቀጥ አለ። ሸሪፉ ሊያመልጥ ነው ብሎ ክንዱን ጨመደደው። ሰውየው ግን የተጎነጎነውን ቱቦ ነበር የሚያየው፤ የታሰሩት ጣቶቹም ገመድ እንደሚጠመጥም ሰው ከጀርባው ይንቀሳቀሱ ነበር።