የማንን ተሳቢ ልትጎትት ነው?

ዌስተን ፒክአፕ ሊገዛ መሆኑን ከራሱ አፍ አልሰማሁም። የነገረኝ አጎቴ ኦሪን ነው፤ እሱም የሰማው ነዳጅ ማደያ ነው።

«ያ ልጅሽ ከብሪታ ጋር አይዳሆ ፎልስ ወርዶ መኪና ሲሞክር ዋለ አሉ» አለኝ፣ ደጃፍ ላይ በረዶውን ከቦቲው እያራገፈ።

«ልጄ አይደለም።»

«እሺ፣ የማንም ልጅ ይሁን። ከብሪታ ጋር ግን ውሏል።»

እያጠበቅኩት የነበረውን ብሎን ደግሜ አጠበቅኩት። ቀድሞውንም ጠብቆ ነበር።

ዌስተን አልፓይን ከተማ ውስጥ በረዶ ላይ የሚነዳውን የበረዶ ሞተር ይጠግናል። ሁለት ክረምት ሙሉ በየቅዳሜው አብረን ተራራ ወጥተናል፤ ተሳቢው የኔ፣ መኪናው የሱ። ተሳቢውን አጎቴ ራሱ በይዶ ነው የሠራልኝ። ሁለት የበረዶ ሞተር ይይዛል፤ የራሱ ፍሬንና የሸራ ልብስ አለው። ስለ እኛ ግን ዌስተን አንድም ቀን ምንም ብሎ አያውቅም። እኔ ቦዝማን ከተማ ሄጄ ምህንድስና ተምሬ የተመለስኩ፣ በመንገድ መሥሪያ ቤት የበረዶ ናዳ የምከታተል ሰው ነኝ። የትኛው ተራራ ነገ እንደሚናድ እገምታለሁ። የሱን ዝምታ ግን መገመት አቃተኝ።

ኅዳር ላይ የአሮጌ መኪናው ካምቢዮ ዳገት መሃል ሞተ። ከዚያ ወዲህ ተሳቢዬን የሚጎትትልን የአጎቴ መኪና ሆነ።

ብሪታ ደግሞ እንግዶችን በበረዶ ሞተር ተራራ እያወጣች የምትኖር ናት። የሷ ተሳቢ እንደ ቤት የተዘጋ፣ አራት ሞተር የሚውጥ፣ ጎኑ ላይ ስሟ በትልቁ የተጻፈበት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ እሷና ዌስተን ጓደኛሞች ነበሩ። ቆንጆ ናት። ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እኔ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰዎችን አላምንም።

በኛ ሸለቆ ሁለት ሰው መዋደዱ የሚታወቀው ተሳቢያቸውን ወደ ኋላ እየነዱ ማቆሚያ ሲያስገቡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተራራ የምንነሳበት መነሻ ሜዳ በመኪና ይሞላል። ቀድሞ የደረሰው ሁሉ የፒክአፑን የኋላ በር ዘርግቶ ይቀመጥና ቡናውን ከፔርሙስ እየቀዳ የሚመጡትን ያያል። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው በረዶው ላይ ቆሞ በእጁ ይመራል። አብዛኛው ይጯጯሃል። ሳይነጋገሩ በአንድ ጊዜ ያስገቡ እንደሆነ ግን ሁሉም ይተያያል፤ ይዋደዳሉ፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዌስተን የብሪታን ተሳቢ መራላት።

አንድ እጁን አነሳ። ሁለት ጣት አሳየ፤ ግራ ማለት ነው። ጨበጠ። ያ ቤት የሚያክል ተሳቢ በሁለት መኪና መሃል እንደ መሳቢያ ገባ። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ከኋላ የሆነ ሰው አፏጨ።

እኔ በዚያን ሰዓት የራሴን ሞተር ከተሳቢዬ ላይ በጅራቱ እየጎተትኩ ነበር። አሮጌ ስለሆነ የኋላ ማርሽ የለውም። አንሸራተተኝና በጀርባዬ ወደቅኩ። ቀና ብዬ ሳይ ማንም አላየኝም። ደግ ነው አልኩ፤ ተነሳሁና ሞተሩን አስነስቼ ብቻዬን ወጣሁ።

እንግዲህ የአጎቴን ወሬ የሰማሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ዌስተን ከአንድ ሞተር ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ምን ልትገዛ ነው?» አልኩት ለእግሩ።

«ደህና ዋልሽ ኬንድራ።»

«ደህና ነኝ። ምን ልትገዛ ነው?»

ወጣ። አፍንጫው ላይ ግራሶ አለ። «ሁለት አሉ። ነጭና ቀይ። ሁለቱም ግማሽ ቶን የሚባሉት ቀለል ያሉት ናቸው። ከዚያ በላይ የሆነውን በየቀኑ መንዳት አልፈልግም፤ ለበረዶ ሞተር ይበቃል።»

«ለስንት የበረዶ ሞተር?»

ጥያቄዬን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አለፈው። «ነጩ ስምንት ሲሊንደር ነው። መቀመጫው ቆዳ፣ የሚሞቅ። ጣሪያው መስታወት። ብሪታ ለእንግዶች ይመቻል አለች።»

«ለማን እንግዶች?»

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ጨርቁ ከእጁ የባሰ ቆሻሻ ነበር።

«ስማ» አልኩት። «ሻጩ መጎተት የሚችለውን ነው የነገረህ። መሸከም የሚችለው ሌላ ነው፤ የሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ቆዳውም፣ የመስታወት ጣሪያውም ከዚያ ላይ የሚቀነስ ክብደት ነው። እንግዶቿን ከነሻንጣቸው ጫንና የተሳቢዋን አፍንጫ መንጠቆው ላይ አስቀምጥበት፤ ኋላው ይተኛል፣ የፊት ጎማህ መንገድ አይጨብጥም። ቱርቦ ደግሞ የለውም። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

«የብሪታን ተሳቢ ማን አነሳ?»

«አንተ ነህ ያነሳኸው። እንግዳ ብለህ።»

«ቀዩ ቱርቦ አለው» አለ ቀስ ብሎ። «መቀመጫው ጨርቅ ነው። ብሪታ አልወደደችውም።»

«ቀዩን ግዛ።»

«ስላልወደደችው?»

«ስለ ቱርቦው!»

ሳቀ። መሳቁ አናደደኝ። «እሺ የኔ ኢንጂነር» አለኝ። «ቅዳሜ ቀዩን አመጣና ባንቺ ተሳቢ የተራራውን ማለፊያ እናሻግረዋለን።»

እኛ ጋ የራሱን ተሳቢ አንጠልጥሎ ሶልት ሪቨር ማለፊያን ሳይሻገር መኪና የሚገዛ የለም። ሻጮቹም ያውቁታል፤ ቁልፉን ሰጥተው ይሸኙሃል። ተሳቢው የኔ መሆኑ ደስ አለኝ። ደስታው ቤቴ እስክደርስ ቆየ። ከዚያ ነጩን በማን ተሳቢ ሊሞክረው እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ስወጣ ቀዩ ፒክአፕ በር ላይ ቆሟል። ዌስተን ቀድሞኝ መጥቶ ሁለቱን ሞተሮች ጭኖ፣ ሸራውን አልብሶ፣ ገመዱን አስሮ ጨርሷል። እንዲህ ሠርቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንጭነው።

«ምን አስቸኮለህ?»

«ምንም። ግቢ።»

ገባሁ። የተሳፋሪው መቀመጫ ወደ ኋላ ተለጥጦ እግሬ አየር ላይ ቀረ። የብሪታ እግር ረጅም ነው።

«ማን ነው መቀመጫውን እንዲህ ያደረገው?»

«እንጃ። ቀድሞም እንደዚያው ነበር።»

አላስተካከልኩትም። እንደዚያው ተቀምጬ ተናደድኩ።

ቀዩ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው። ሌሎች መኪናዎች እያጓሩ በቀኝ ሲጎተቱ እኛ ሳናስጨንቀው አለፍናቸው። ዌስተን ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገው፤ ፈረስ አንገት ላይ እንደሚደረገው። በሌላ ቀን ደስ ይለኝ ነበር።

«ብሪታም እንዲህ ስትወጣበት አየሃት?»

«ብሪታ ማለፊያው ላይ አልነዳችውም።»

«የት ነዳችው?»

«ኬንድራ።»

«ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

ቁልቁለቱን ስንጀምር ነው የተሰማኝ። መጀመሪያ ትንሽ፤ አንድ ሰው ከኋላ ወገባችንን ይዞ እንደሚነቀንቀን። ከዚያ በስፖኪዮው ውስጥ ተሳቢው ታየኝ፤ ወደ ግራ ወጣ፣ ጠፋ፣ በቀኝ ብቅ አለ። እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ይሰፋል። በቀኝ በኩል ገደሉን የሚከልለው የብረት አጥር ነበር፤ ከሱ ወዲያ የጥድ ጫፎች።

የዌስተን እግር ወደ ፍሬኑ ሲሄድ አየሁት።

«አትያዝ!» ጮህኩ። «ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርግ!»

እጄን ዘርግቼ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የተሳቢውን ፍሬን ለብቻዋ ጨመቅኳት። ከኋላችን ጎማ ጮኸ። ተሳቢው እንደ ተቆጣ ውሻ ወደ ኋላ ተጎተተ፤ አንዴ ወዘወዘን፤ ከዚያ መስመሩን ያዘ። ጎማ ላይ የበረዶ ሰንሰለት የሚታሰርበት ሰፊ ቦታ ላይ እስክንቆም ድረስ እጄን ከፍሬኗ አላነሳሁም።

ወርጄ ሸራውን ገለጥኩት።

ሁለቱም ሞተሮች ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተዋል። የበረዶ ሞተር ክብደቱ አፍንጫው ላይ ነው፤ አፍንጫው ወደ መኪናው ካልዞረ ተሳቢው ጅራቱ ከብዶ ይወዛወዛል። ይህን በኛ ሸለቆ የማያውቅ የለም። ዌስተን ይህን ከመራመዱ በፊት ነው ያወቀው።

«ምን ነካህ?» አልኩት። «ሐሳብህ የት ነበር? እሷ ጋ ነበር?»

«አይደለም።»

«እና ሰካራም እንኳን እንዲህ አይጭንም! ልትገድለን ነበር!»

«አውቃለሁ።» ፊቱ ከበረዶው ነጥቷል። «ባለፈው ቅዳሜ ስትወድቂ አየሁሽ።»

ሸራውን ለቀቅኩት።

«ያንቺ የኋላ ማርሽ የለውም። ብሪታን እየመራሁ ነበር፤ በተሳቢዋ ጎን አሻግሬ አየሁሽ፤ ጨርሼ ልመጣ ስል ተነስተሽ ሄድሽ። ሳምንቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ዛሬ ምንም ሳትጎትቺ፣ ማንንም ሳትለምኚ፣ ቀጥ ብለሽ እየነዳሽ እንድትወርጂ ብዬ ነው ሞተርሽን ያዞርኩት። የኔንም እንዲመሳሰል ብዬ። መንገዱን ረሳሁት። አንቺ ሜዳው ላይ ከተሳቢው ስትወርጂ ብቻ ነው የታየኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ትይኝ ነበር?»

እርዳታ አልፈልግም እለው ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

ሞተሮቹን አውርደን አዞርናቸው። የኔን በጅራቱ የጎተተው እሱ ነው፤ እኔ አፍንጫውን ገፋሁ። አንድ ከባድ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ ቆሻሻ በረዶ ረጨብን። ገመዱን እያሰርኩ፣ ፊቱን ሳላይ ጠየቅኩት።

«የማንን ተሳቢ ልትጎትት ነው?»

«የብሪታንም እጎትታለሁ። በሥራ ቀን፣ ለደመወዝ። ክረምቱን ሹፌሬ ሁን አለች፤ እሺ አልኳት።»

«ሌላስ ነገር አለች?»

ገመዱን ለቀቀ። «አዎ። ብላለች።»

ስጠረጥር የኖርኩት አብጄ አልነበረም ማለት ነው። ትክክል ነበርኩ፤ ትክክል መሆን እንደዚህ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

«ምን አልካት?»

«ሰው አለችኝ አልኳት።»

«ማን?»

«ኬንድራ፣ በስመ አብ! ሁለት ክረምት!»

«ነግረኸኝ አታውቅማ!»

«ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። አጎትሽ ያውቃል። ብሪታ እንኳን ‹አውቃለሁ፣ ለመሞከር ያህል ነው› ነው ያለችኝ። ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ባዶ እጄን ኪሴ ልከተው ስል ያዘው። ጓንቱ ግራሶና በረዶ ነበር። እጄን አልሳብኩም። ከዚያ በረደኝና እንሂድ አልኩት።

መነሻ ሜዳው ስንደርስ ሞልቶ ነበር። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ፤ በአጎቴ መኪናና በብሪታ ተሳቢ መሃል። ብሪታ የኋላ በሯ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን ይዛለች። ዌስተን በሩን ከፈተ።

«አንቺ ንጂ» አለኝ።

መሪውን ያዝኩ። አጎቴ ኦሪን ከመኪናው ላይ ሆኖ ፔርሙሱን ከደነ፤ ትርዒት ሊያይ ነው። በስፖኪዮው ውስጥ ዌስተን ከኋላ ቆሞ ታየኝ። አንድ እጁን አነሳ። ሁለት ጣት አሳየ።

ያው ምልክት። የብሪታ ምልክት።

መስኮቱን አወረድኩ። «የሷን ምልክት አትስጠኝ!»

«ምን?»

«ሌላ ምልክት አምጣ! ይህ የሷ ነው!»

«ኬንድራ፣ ግራ ማለት ግራ ነው!»

«እኔ ጋ አይደለም!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ዌስተን ሰማይ ሰማይ አየ፤ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ እንደ ባንዲራ ወደ ግራ ያውለበልብ ጀመር፤ እስከ ጉልበቱ በረዶው ውስጥ እየዘለለ። «ግራ! ግራ! ያንቺ ግራ!» እኔም «አየሁት፣ አትጩህብኝ!» እያልኩ እየጮህኩ ገባሁ። አንዴ ወጥቼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ላይ ተስተካከለ።

«እነዚህስ ከመዋደድም አልፈው ሄደዋል!» አለ አጎቴ ኦሪን ለሜዳው ሁሉ። «እንዲህ የሚጯጯሁት የተጋቡ ናቸው!»

ብሪታ እንደሌሎቹ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ቡናዋ መለሰች። አየኋት። ደስ አለኝ። ጥሩ ሰው ነኝ አላልኩም።

ዌስተን ሰኞ ቀዩን ገዛ። ፈርሞ ሲወጣ ከጎኑ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት የተሳፋሪውን መቀመጫ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት መሳብ ነበር። ማስተካከያው ሲጠብቅ ጠቅ አለ።

«ነገ ብሪታ ለሥራ ስትገባ ጉልበቷ ዳሽቦርዱን ይነካል» አለ ዌስተን።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ንዳ።»