ያልተተየበው ምዕራፍ

አቶ ወልደማርያም የተገኙት የቡድኑ ማልያ በሚቀመጥበት የብረት ኮንቴይነር ውስጥ፣ በሩ ሥር እንደተቀመጡ ሞተው ነው። ጊዜው ኦገስት 2020 ነው፤ ሙቀቱ ጥላ ሥር እንኳ አርባ አምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። መቀርቀሪያው ከውጭ ተዘግቷል።

ኮንቴይነሩ ያለው የላስ ቬጋስ ሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ በሚያጥብ ፋብሪካ ጓሮ ነው። ሟቹ እዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። የሠራተኞቹን እግር ኳስ ክለብም የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ ግጥሚያው በታክሲ ነጂዎች ዘጠኝ ለዜሮ የተሸነፈ፣ ተመልካች «አንሶላ! አንሶላ!» እያለ የሚሳለቅበት፣ በ2014 ግን በፔናሊቲ የአካባቢውን ሊግ ዋንጫ የወሰደ ክለብ ነው። ታሪኩን ጽፈው ሊጨርሱ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ረቂቁ ፋብሪካው ውስጥ ካለው ሎከራቸው፣ ከዕቃ ሣጥናቸው፣ ጠፍቷል።

የካውንቲው የሞት መርማሪ ሮሐ ፋብሪካው የደረሰችው በአራተኛው ቀን ነው። ፖሊሶች የኮንቴይነሩን ቁልፍ የሚይዘውን አወልን ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሊይዙት ወስነዋል። ኮንቴይነሩን ዞራ አየችው፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካው መግቢያ በር ሄደች። የጥበቃ ሠራተኛዋ ቴርሞሜትሩን ግንባሯ ላይ ስትደቅን ጮኸ።

«መቶ አንድ ፋራናይት! ትኩሳት ነው። ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነበር እንዴ? ጥላው ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀመጪ፤ እንደገና ቼክ አደርግሻለሁ።»

ሮሐ ያለ ተቃውሞ ተቀመጠች። ስትነሳ የሙቀት መመዝገቢያውን ደብተር ለማየት ጠየቀች።

አወል የማልያ ኃላፊ ነው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል እንጂ! የሳትኳትን ፔናሊቲ ግማሽ ገጽ ሙሉ ጻፏት። ‹ጋሽ ወልዴ፣ ኳሷ እንኳ ይህን ያህል አልራቀችም› አልኳቸው።» ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «የኮንቴይነሩን ቁልፍ በዋዜማው ሰጥቻቸዋለሁ። የዜግነት ኢንተርቪውዬ በሚቀጥለው ወር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። እኔ ሰው ላይ በር አልዘጋሁም።»

«ያን ቀን በምን መጡ?»

«ባለቤቴ በር ላይ ጣለችኝ።»

ዘሪቱ የክለቡ ጸሐፊ ናት። ረቂቁን የምትተይበው እሷ ነበረች።

«ሰባተኛውን ምዕራፍ ግን አልሰጡኝም፣ ልጄ። ስለ ዋንጫው ነው። ‹ባለጉዳዩ ሳይፈቅድ አላስተይበውም፤ ዛሬ ከሺፍት በፊት አነጋግረዋለሁ› አሉኝ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሺፍቱ ሊጀምር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወደ ኮንቴይነሩ ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው።»

የሺፍቱ ሱፐርቫይዘር ዘሪሁን ነው። የክለቡ ካፒቴንና የመጨረሻዋን ፔናሊቲ አድኖ ዋንጫውን ያመጣ በረኛ ተብሎ ይታወቃል።

«አላየኋቸውም፣ እህቴ። መኪናዬን በሩ አጠገብ ፓርክ አድርጌ በቀጥታ ገባሁ። የመኪናዬ ኤሲ ደግሞ በረዶ ነው። ሲቀሩ ቀሪ ብዬ መዘገብኳቸው።»

ሮሐ የቀሪዎቹን ዝርዝር ተቀበለችው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በምሳ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ማስክ አድርገው ተራርቀው ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል፤ አወል እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ወለሉን ያያል።

«ያን ቀን የአቶ አወል ግንባር ዘጠና ሰባት ነበር፤ የወይዘሮ ዘሪቱ ዘጠና ስምንት» አለች ሮሐ ቀስ ብላ። «አቶ ዘሪሁን፣ የእርስዎ መቶ ሁለት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ዘጠና ስምንት ሆነ። በሽታ እንዲህ ቶሎ አይበርድም። በረዶ ከሆነ መኪና የወጣ ሰውም እንዲህ አይግልም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ነው እንጂ።»

«ደብተር ይሳሳታል» አለ ዘሪሁን።

«ይሳሳታል። ለዚህ ነው ዝርዝሩን ያየሁት። በኮሮና ምክንያት ቀሪ ሁሉ ተደውሎለት ምልክት እንዳለው ይጠየቃል። ያን ቀን ሦስት ሰው ቀረ፤ ለሁለቱ ደውለዋል። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቀርተው ለማያውቁት ለአቶ ወልደማርያም ግን አልደወሉም። የት እንዳሉ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

ዘሪሁን ማስኩን አወለቀ።

«የዋንጫው ቀን በረኛው መልኩ ከእኔ የማይለየው ወንድሜ ነበር» አለ። «ፋብሪካው ውስጥ አይሠራም፤ የእኔን ባጅ አንጠልጥሎ ሜዳ ገባ። ባጁን ያዋሰ ይባረራል፤ ዘንድሮ ደግሞ ግማሹ ሠራተኛ ተቀንሷል። ጋሽ ወልዴ ‹ጽፌዋለሁ፣ ሎከሬ ውስጥ ነው› ሲሉኝ ሌላውን አላስጨረስኳቸውም። ረቂቁን እስካወጣ አምስት ደቂቃ ልዝጋባቸው ብዬ ነው። በሩ ላይ ትኩሳት አለብህ ብለው አስቀመጡኝ።»

«ሲለቁዎትስ?»

«ረቂቁን ወሰድኩ። ማሽን ቆመ፣ ጠሩኝ። አሁን እሄዳለሁ፣ አሁን እሄዳለሁ እያልኩ... በዕረፍት ሰዓት ምዕራፉን ገለጥኩት። አናቱ ላይ ‹ዘሪሁን እሺ ካላለ ይህ ይቅር› ይላል። ሮጥኩ። ከፈትኩ። ሕይወታቸው አልፎ ነበር።»

«በሩ ግን ተቀርቅሮ ነው የተገኘው።»

«መልሼ ዘጋሁት።»

ዘሪቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ፖሊሶቹ ወደ ዘሪሁን ሲራመዱ አወል ከወንበሩ ተነሳ።

«ካፒቴን፣ አራት ቀን አብረን ምሳ በላን» አለ። «ትናንት ‹ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?› ስልህ ምን አልከኝ?»

ዘሪሁን እጆቹን ለፖሊሶቹ ዘረጋ።

«‹አይዞህ› አልከኝ» አለ አወል።