የድመቷ ጉንጭ

መርማሪው የሌሊት ተረኝነቱ እስከ ቀትር ተጎትቶበት ቤቱ ተመልሶ ጫማውን ገና ከማውለቁ ስልኩ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ጠራዥ ከደረጃ ወድቀው ሞተዋል አሉት። እያቃሰተ ያበጠ እግሩን መልሶ ጫማው ውስጥ ከተተ።

ሟቹ ከደረጃው ሥር አንሶላ ለብሰው ተጋድመዋል። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ ሌላው ገላቸው ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። ልጃቸው የመጨረሻው እርከን ላይ ተቀምጣ መወልወያውን አልለቅም ብላለች።

«አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ደረጃውን ወልውዬ ሳይደርቅ ገበያ ሄድኩ።»

«ቀስ በይ ልጄ። ማን አገኛቸው?»

«እኔ» አለ ባሏ፣ የታክሲ ሹፌሩ፤ አፍንጫው በመሐረብ ተይዟል። «ለምሳ ስገባ ነው። ይቅርታ፣ የድመት ጠጉር አይስማማኝም። እሳቸው ደግሞ ከኔና ከድመቷ አንዱን ይምረጡ ቢባሉ፣ ውጪ የማድረው እኔ ነበርኩ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሁለቱ ሠላሳ ዓመት አብረው ጠርዘዋል። የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ሸሸጉ።

«መጠረዣ ቤቱስ?» አላቸው መርማሪው።

«ዛሬ አልተከፈተም። ትናንት እንደቆለፍኩት ነው።»

«ስንት ቁልፍ አለው?»

«ሁለት። አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ።»

«አባዬ ቁርስ ሲበላ ቁልፉን ያቃጭል ነበር» አለች ልጅቷ በደከመ ድምፅ።

«ጋሼ ሁልጊዜ ሽርጥ ይለብሳሉ?» አላት ወደ አጎቷ እያየ።

«ተኝቶም የሚያወልቀው አይመስለኝም። ከኮላው ብዛት ሽርጡ ብቻውን ይቆማል እያልን እንስቅበታለን።»

መጠረዣ ቤቱ ከደረጃው አምስት እርምጃ አይርቅም። አጎትየው ከፈቱ፤ ድመቷ ቀድማ ገባች። መርማሪው መቆም ስለሰለቸው አንዲት አጭር ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ በተቀመጠበትም ከፍታ ሌላው ያላየውን አየ። በሩ መቃን ላይ፣ መደርደሪያው ጥግ ላይ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ የጠቆረ ወዝ አለ፤ ድመቷ ለዓመታት ጉንጯን ያሸችበት ነው። የመጽሐፍ መጭመቂያው አራት የብረት እግሮች አሉት። ሦስቱ ወዛም ናቸው። አራተኛው ያብለጨልጫል። ድመቷ ሦስቱን አልፋ እሱ ላይ ግራ ጉንጯን አሸች፣ ቀኝ ጉንጯን አሸች፣ ዞራ እንደገና ጀመረች።

ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ቁልፍ ተቀምጧል።

«ሁሉንም ጥሩልኝ» አለ መርማሪው በሩ ላይ ለቆሙት ፖሊሶች። «እኔ መነሳቱ አቅቶኛል።»

ሲሰበሰቡ ድመቷ ወደ አጎትየው ሄዳ የሽርጣቸውን ጫፍ ደጋግማ ታሽ ጀመር።

«ድመት ፊቷን የምታሸው ለመቆላመጥ ብቻ አይደለም» አለ መርማሪው። «ጉንጯ ላይ ለኛ አፍንጫ የማይደርስ ጠረን አለ። የኔ የምትለውን ሁሉ፣ ዕቃውንም ሰውንም ትቀባዋለች። ጠረኗ ሲለቅባት ተመልሳ ትቀባለች። የቤቴ ድመት ሸሚዝ በቀየርኩ ቁጥር እንደ አዲስ ትመዘግበኛለች። ዛሬ እዚህ ሁለት ነገር ታጥቧል፤ አንዱ ይህ ብረት ነው። ጋሼ፣ እስቲ ሽርጥዎን ይንኩት። ብቻውን ይቆማል ሲባል ሰማሁ፤ ጫፉ ግን እርጥብ ጨርቅ ሆኗል።»

አጎትየው አልነኩትም።

«ሟቹ ጠዋት ቁልፋቸውን ይዘው ነበር። ቁልፉ የተገኘው ከተቆለፈ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከፍተው ገብተዋል፤ በሩን ከውጭ የቆለፈው ግን ሁለተኛው ቁልፍ ነው። የወደቁትም እዚህ ብረት ላይ ነው።»

አጎትየው እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት።

«‹እጅህ አይታዘዝህም፣ ቢላውን አስቀምጥ› አለኝ። ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ቢላ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

«ይህን ዳኛ ያየዋል» አለ መርማሪው። «እርጥብ ደረጃ አይተው ሬሳውን እዚያ የጎተቱበትንስ? ይህች ልጅ ዕድሜ ልኳን አባቴን ገደልኩ እያለች ልትኖር ነበር።»

አጎትየው ወደ ልጅቷ ሊያዩ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ፖሊሶች ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው።

«ደረጃውስ?» አለች ልጅቷ። «እርጥብ ነበር እኮ።»

«ነበር። አባትሽ ግን ደረጃሽን በደህና ወርደው ሥራቸው ገብተዋል፣ ልጄ።»

መወልወያው ከእጇ ወደቀ፤ ያኔ ነው ደህና አድርጋ ያለቀሰችው። ባሏ መሐረቡን ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ ድመቷን አቀፋት። ድመቷ ጉንጯን አገጩ ላይ አሸች። አስነጠሰው፤ ግን አላስቀመጣትም።