ከመስኮቱ የሚታየው

«እሺ፣ ምን ይታያል?»

ጄኔራል ሁለት እጇን የመስኮቱ ድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ አንገቷን ወደ ውጭ አስግጋ ቆማለች። የግንቡን ጠመዝማዛ ደረጃ የወጣችው ግድግዳውን እየዳሰሰች ነው። አንዴ ተደናቅፋ መዳፏ ተልጧል። «አመመሽ?» ብላ ታናሽ እህቷ ስትጠይቃት፣ «መዳፍ ለምን የተሠራ ይመስልሻል?» ብላ አለፈቻት። አሁን ትንፋሿ ገና አልተመለሰም፤ ፊቷ ግን በርቷል። ስጦታዋን እስክትፈታ የቸኮለች ሕፃን መስላለች።

ድንቢጥ በእህቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ፊት ለፊት ራሰ በራ ኮረብታ ተገትሯል፤ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ኮረብታው ላይ ተጀምሮ የቀረ የብሎኬት ቤት አለ፤ ከቤቱ አጠገብ የውሃ ታንከር፣ ከታንከሩ እስከ ቤቱ የተዘረጋ የልብስ ማስጫ ገመድ። ገመዱ ላይ አንድ ቁምጣ ይወዛወዛል። በቃ። ነገሥታት የቆሙበት መስኮት የሚያሳየው የማይታወቅ ሰው ቁምጣ ነው።

ያ ሁሉ ደረጃ ለዚህ ነበር?

«ወንዝ» አለች ድንቢጥ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም አልጠበቀችውም። «ሰፊ ወንዝ። ፀሐይ አርፋበት ያብለጨልጫል። ከዚያ ወዲያ ደን ነው፤ ዐይን እስኪደክም ድረስ ደን።»

«ወንዝ!» ጄኔራል ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ድምፅ መቅጃውን ከፈተች። «ድገሚው። ቀስ ብለሽ። ከየት ወደ የት ነው የሚፈሰው?»

«ከ... ከግራ ወደ ቀኝ።»

«መሻገሪያ አለው?»

ውሸት አንዴ በር ከተከፈተላት ዘመዶቿን አስከትላ ነው የምትገባው። «ድልድይ አለው» አለች ድንቢጥ። «የድንጋይ።»

«አየሽ!» ጄኔራል መስኮቱን በመዳፏ ቸብ አደረገችው። «እዚህ የሠሩት ለዚህ ነው። መሻገሪያውን ለመጠበቅ። የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ያዩታል። ድንቢጥ፣ የሰኞዬን ነገር አገኘሁት!»

ጄኔራል የተባለችው ማዘዝ ስለምትወድ ነው። ድንቢጥ ደግሞ ትንሽ ሆና ብዙ ስለምትንጫጫ። ጄኔራል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ነው በሽታ ዐይኗን የወሰደባት። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ዘንድሮ «እመለሳለሁ» ብላ ስትነሳ የትምህርት ክፍሉ እምቢ አላላትም፤ የመስክ ሥራውን ግን እንደ ማንም ተማሪ ትሠሪያለሽ አላት። ሦስት ጥንታዊ ሕንፃዎችን ጎብኝታ፣ ያስተዋለችውን ሰኞ መምህራኑ ፊት ቆማ ማስረዳት አለባት። ካሳመነቻቸው ትመለሳለች። ካላሳመነቻቸው ነገሩ ያበቃል።

ከመምህራኑ አንዱ፣ «ሳያዩ ማስተዋል እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«የሚያይማ ሞልቷል» አለችው፤ «የጠፋው የሚያስተውል ነው።» ሰውዬው እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው ይባላል።

እናታቸው ግን ፈርታለች። ጠዋት ጄኔራል ጫማዋን ስታስር ድንቢጥን ወደ ጓዳ ጎተተቻትና፣ «አደራሽን» አለች በሹክሹክታ። «ከልቧ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ። ደስ ብሏት ትመለስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ድንቢጥ ብዙ ነገር ልትሆን ትችላለች፤ አደራ በላ ግን አይደለችም።

ከግንቡ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወርደው መንገድ ኮረኮንች ነው። ጄኔራል የድንቢጥን ክርን ይዛለች። ሕጉ የእሷ ነው፤ እኔ እይዝሻለሁ እንጂ አንቺ አትይዢኝም። ደረጃ ካለ ከመድረሳችን በፊት ትነግሪኛለሽ። «ተጠንቀቂ» የሚባል ቃል መስማት አልፈልግም፤ ከምን እንደምጠነቀቅ ንገሪኝ።

የቤተ መንግሥቱ በር ላይ አንድ ወጣት አስጎብኚ ጎብኚዎቹን ይሰበስባል። ጄኔራልን አየና ወደ ድንቢጥ ጎንበስ አለ። «እህትሽ ማረፍ ትፈልጋለች?»

«እህቷ አፍ አላት» አለች ጄኔራል። «ራሷን ጠይቃት።»

አስጎብኚው ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ በኋላ ከጄኔራል በሦስት ክንድ ርቆ ነው የተጓዘው፤ ቡድኑንም የዙፋኑን አዳራሽ አስቸኩሎ አሳልፎ ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰደው። እህትማማቾቹ ብቻቸውን ቀሩ።

አዳራሹ ባዶ ነው። ባዶ ወለል፣ የተላጠ ቀለም፣ ጥግ ላይ የተረሳ ባልዲና መወልወያ። ዙፋኑ መቆም በነበረበት ቦታ «ለጥገና ሄዷል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከጽሑፉ በላይ የድሮው አዳራሽ ፎቶ አለ። ድንቢጥ ፎቶውን አየች። ባልዲውን አየች። ከዚያ የእህቷን ፊት አየች።

«ዙፋኑ በወርቅ የተለበጠ ነው» ብላ ጀመረች። «እግሮቹ የእንስሳ ጥፍር አላቸው። መጋረጃዎቹ ቀይ ናቸው፤ ከጣሪያ እስከ ወለል። ምንጣፍም አለ።»

ጄኔራል መቅጃውን አልከፈተችም። ተረከዟን ወለሉ ላይ ቋ አደረገች። ከዚያ ሁለት እጇን አንስታ አንዴ አጨበጨበች። ድምፁ ጣሪያውን ነካ፤ ከግድግዳ ግድግዳ ተላግቶ ተመለሰ።

«መጋረጃው ወፍራም ነው?»

«በጣም።»

«ምንጣፉስ?»

«ቁርጭምጭሚት ይውጣል።»

«ቁርጭምጭሚት ይውጣል!» ጄኔራል ሳቀች፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ሲያጨበጭቡለት ዝም ይላል፣ የእኔ እመቤት። ይሄኛው መለሰልኝ። ይሄ ክፍል ባዶ ነው። የጠፋው ዐይኔ ነው፤ ጆሮዬ እዚሁ አለ። ሁለቱም።»

«ፎቶው ላይ ያለውን ነው የነገርኩሽ። ወንበሩ ለጥገና ሄዷል ይላል...»

«ፎቶማ ቢሆን ቤቴ ቁጭ ብዬ ከስልክሽ ታወሪልኝ አልነበር?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ባዶ ክፍል ሊያሳዝነኝ? ወንበሩ የጠፋብኝ ንጉሥ ነኝ እንዴ?» ጄኔራል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ሰኞ እነዚያ ሰዎች ፊት ቆሜ ስለዚህ ምንጣፍ ባወራ አይስቁብኝም። ቢስቁብኝ ደግ ነበር። ያዝኑልኛል። አዝነው ደግሞ ወደ ቤቴ ይሸኙኛል። ግንቡ ላይ ያልሽኝስ? ወንዙ እውነት ነው?»

መናገሪያው ጊዜ ይሄው ነበር። ድንቢጥ አፏን ከፈተች። ወንዙን ስትሰማ የበራው ፊት መጣባት።

«እውነት ነው።»

«እማዬ ትሙት በይ።»

«እማዬ ትሙት።»

ጄኔራል ክርኗን ያዘች። «እንግዲያው ይሄን ባዶ ክፍል አዙሪኝ። ባልዲም ካለ ባልዲውን ንገሪኝ።»

«አለ» አለች ድንቢጥ፤ ሊያስቃት ነበር፣ ግን መሐላዋ ትዝ ስላላት አልሳቀችም።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የሰምና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለው። ድንቢጥ ቀና አለች። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ተሥሏል፣ ወይም ተሥሎ ነበር። በአንድ በኩል ዝናብ ገብቶ ሥዕሉን አጥቦታል።

«ግማሹ የለም» አለች። ድምፅዋ ፈራ ተባ እያለ ነው። «ግድግዳው ላይ የውሃ መስመር ወርዷል፣ ቡናማ። አንድ መልአክ አለ፤ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ናቸው።»

«ምን ዓይነት እግሮች?»

«ባዶ እግር ነው። አውራ ጣቱ ግን... እንጃ፣ ድንች ያህላል። ሰዓሊው እግር መሣል አይችልም መሰለኝ።»

ጄኔራል ሳቀች። ይሄኛው ሌላ ሳቅ ነው፤ ከሆድ የሚመጣ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞረው ገላመጧቸው። ጄኔራል አፏን በእጇ ይዛ፣ «ቆይ፣ ቆይ» አለች። «ፊትስ ይችላል? ፊቱ ያልጠፋ የለም?»

ድንቢጥ ፈለገች። «በዚያ ጥግ አንዱ አለ። ፊቱ በጣም ያምራል። ልክ ሊናገር የፈለገ ነው የሚመስለው። የእሱም እግር ግን ድንች ነው።»

«ታዲያ የሣሉት ሁለት ሰዎች ቢሆኑስ? መምህሩ ፊቱን፣ ተማሪው እግሩን?» የጄኔራል ጣቶች የድንቢጥን ክርን ጨበጥ፣ ጨበጥ አደረጉ። «እርግጠኛ ነኝ አልላቸውም። ጥያቄ አለኝ እላቸዋለሁ። አየሽ፣ እንዲህ ንገሪኝ እንጂ! ድንቹን ንገሪኝ!»

ወጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ወደ ቤት የሚወስዳቸው ሚኒባስ መንገዱ ማዶ ሰው እየጫነ ነው። ጄኔራል እጇን እያወናጨፈች የሰኞውን ንግግር ትለማመዳለች፤ ከፊቷ ጉባኤ የተቀመጠ ይመስል። «...ሦስቱን ሕንፃዎች የሚያያይዛቸው ወንዙ ነው። ግንቡ መሻገሪያውን ይጠብቃል፤ ቤተ መንግሥቱ ከመሻገሪያው በሚገኘው ቀረጥ ይኖራል፤ ቤተ ክርስቲያኑ...»

ድንቢጥ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። እናቷ ያለቻት ደስ ብሏት ትመለስልኝ ነው። ደስ ብሏታል። ሳቅም ቢሆን ተስቋል፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ያውም ሰው እየገላመጣቸው። አሁን ዝም ብላ ሚኒባሱ ውስጥ ብትገባ አደራው ሙሉ ነው። ሰኞ ግን እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት መምህራን ያን መስኮት የማያውቅ ማን አለ? ያኮረፈው ሰውዬ እንኳ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ኮረብታውን ሲያይ ነው የኖረው።

«ወንዝ የለም» አለች።

ጄኔራል እጇ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ከመስኮቱ። ወንዝ አይታይም። ድልድይም ደንም የለም። ኮረብታ ነው። በጣም ቅርብ ነው፣ ከግንቡም ይበልጣል። እላዩ ላይ ያላለቀ የብሎኬት ቤትና ቁምጣ ነው ያለው።»

«ቁምጣ?»

«የተሰጣ።»

ጄኔራል አልሳቀችም። «እማዬ ትሙት ብለሽኛል።»

«አውቃለሁ።»

የሚኒባሱ ረዳት መስኮቱን ደበደበ። «እህቶች! ትገባላችሁ ወይስ እንሂድ?»

ጄኔራል ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ድንቢጥን ያስፈራትም እሱ ነው። «እንግባ። ሰኞ ሁለት ሕንፃ ይዤ እቀርባለሁ። ከጣሉኝም ይጣሉኝ፤ ደክሞኛል።»

ድንቢጥ ተነሳች። እግሯ ግን ወደ ሚኒባሱ አልሄደም። «ሂዱ፤ እኛ አንሄድም» ብላ ጮኸች።

«ቀጣዩ ሲመሽ ነው፤ ያውም ቆማችሁ!»

«እንቆማለን!»

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ሚኒባሱ አቧራውን ትቶላቸው ሄደ።

«አንሄድም ያለው ማነው?» አለች ጄኔራል።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺን ደግሞ ማን ሾመሽ?»

«ማንም። የተባልሽው ሦስት ነው። ግንቡ ገና አልተዘጋም። ከተዘጋም ዘበኛውን እለምነዋለሁ፤ ስለምን ታውቂኝ የለ፣ ሰው እስኪታክተው ነው።»  ለማልቀስ የሚሆን ጊዜ የለም። የእህቷን እጅ አልያዘችም። ክርኗን ብቻ አስጠግታ ቆመች። «ክርኔ በቀኝሽ ነው። ከፊታችን ቦይ አለ። ውሃ የለውም፣ ቆሻሻ ነው የሞላው። መሻገሪያው አንድ ጣውላ ነው፤ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ግን ጠንካራ ነው። እኔ ቀድሜ እረግጠዋለሁ።»

ጄኔራል አልተንቀሳቀሰችም። ድንቢጥም አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ጋሪ አለፈ፤ የሁለት ልጆች ጨዋታ ተሰምቶ ጠፋ።

«ምን ዓይነት ቆሻሻ?» አለች ጄኔራል በመጨረሻ።

«የፕላስቲክ ጠርሙስ። የተቀደደ ጃንጥላ። አንድ ጫማ፣ የግራ።»

የጄኔራል ጣቶች መጥተው የድንቢጥን ክርን ያዙት፤ ከሚገባው በላይ አጥብቀው፣ እስኪያም ድረስ። ድንቢጥ ክርኗን አልሳበችም። ጣውላውን ተሻገሩ።

«ኮረብታው ከግንቡ ይበልጣል ነው ያልሽኝ?»

«ይበልጣል።»

«ታዲያ ምን አስበው ነው እሱ ሥር የሠሩት? ማንም ከላይ ሆኖ ድንጋይ ይለቅባቸው የለ?»

«አላውቅም» አለች ድንቢጥ። እሷ የሚታያት መንገዱ ወደ ላይ ሲታጠፍ ብቻ ነው። «አቀበቱ አሁን ይጀምራል። ድንጋይ አለበት፣ ብዙ።»