ከሸራው ሥር የበራው

«ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው አይደል፣ ጋሽ አሰግድ?» አለ ጅብሪል የመኪናዋ ኮፈን ሥር እንዳጎነበሰ።

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ይቺን ምን አበራት?»

መክሊት ከአባቷ ከመምህር አሰግድ ጎን ሆና አየች። ጅብሪል አንዱን የባትሪ ገመድ ፈትቶ በገመዱና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አስገብቷል። አምፖሏ በርታለች። ሞተሯ ጠፍቶ በቆመች መኪና ውስጥ የሆነ ነገር ባትሪውን እየጠጣው ነው ማለት ነው።

የመምህር አሰግድ ኮሮላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለች ጎረቤቱን ስታስገፋ ከርማለች። ደግነቱ አሰላ ቁልቁለት አይቸግርም። አባቷ ጥፋቱን የጣለው ጅብሪል በሸጠለት ባትሪ ላይ ነበር። እቤቱ ቢያማርር ደግ ነበር፤ እሱ ግን ወንደሰን ፀጉር ቤት፣ ሰው በሞላበት፣ «ጅብሪል አሮጌ ባትሪ አዲስ ነው ብሎ ሸጠልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ጅብሪል ሱቅ ደጅ የሚቆም መኪና ቀንሷል። ዛሬ ቅዳሜ ራሱ መጣ፤ የቀረበለትን ሻይ አልፈልግም ብሎ መፍቻውን አወጣ።

መክሊትን አባቷ «ሁለተኛ መሪው ላይ እንዳላይሽ» ብሏት ነበር። እሱ ስብሰባ በእግሩ በሄደበት ቀን ግን ገብታ ተቀመጠች፤ መሪውን እያዞረች፣ ፍሬን እየረገጠች በሐሳቧ ጎበሳ ከተማ ደርሳ ተመለሰች። ስትወርድ ምንጣፉ ላይ ጥፍር የምታክል የተሰበረች ላስቲክ አገኘች። ደንግጣ እስክሪብቶ መያዣዋ ውስጥ ደበቀቻት። መኪናዋ አልነሳም ያለችው በማግስቱ ነው።

«መክሊት፣ አንቺ አምፖሏን ጠብቂልኝ» አለ ጅብሪል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ይመልስ ጀመር። «የራዲዮው?»

«አልጠፋችም።»

«የውስጥ መብራቱ?»

«አልጠፋችም።»

አምስተኛውን ሲነቅል «ጠፋች!» አለች ሳታስበው።

«ያ ረቢ! የፍሬን መብራት!»

ጅብሪል ፊውዙንም የባትሪውን ገመድም መልሶ ወደ ኋላ ሄደና የመኪናዋን የኋላ ክፍል እንደሸፈነ የቀረውን ሸራ ገለጠ። ሁለቱ የኋላ መብራቶች ቀይ ሆነው በርተዋል። አባቷ መኪናዋን ከጭላሎ ተራራ ብርድ ለማዳን ገና ሳይመሽ እስከ ጎማዋ ስለሚሸፍናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲበሩ ያየ የለም።

«ለካ!» አለ አባቷ። «አንድ ባለባጃጅ ‹መምህር፣ እግርዎን ከፍሬኑ አያነሱም ወይ› ሲለኝ፣ በአነዳዴ ያሾፈ መስሎኝ ሰድቤዋለሁ!»

ጅብሪል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከመሪው ሥር ገብቶ በስልኩ ብርሃን አየ። «ፔዳሉ ሲመለስ የመብራቱን ማብሪያ ተጭና የምታጠፋ ላስቲክ ነበረች፤ ወድቃለች። እዚህ ምንጣፉ ላይ መኖር ነበረባት፤ የለችም። ሲያረጅ በራሱ ይረግፋል።»

«በቃ፣ የማንም ጥፋት አይደለም ማለት ነው» አለ አባቷ እፎይ ብሎ።

ጅብሪል ጎንበስ ብሎ መፍቻዎቹን ይሰበስብ ጀመር፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። መክሊትን አሳዘናት። እሷን የጠረጠራት የለም፤ ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ፀጉር ቤት የተባለው ግን እንደተባለ ይቀራል።

እቤት ገብታ ተመለሰችና ላስቲኳን ጅብሪል መዳፍ ላይ አኖረች።

«መሪው ላይ ተቀምጬ ፍሬን ስረግጥ ወደቀች። ከዚያ መኪናዋ እምቢ ስትል ጠርጥሬ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ። ይቅርታ፣ ጋሽ ጅብሪል።»

አባቷ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ላስቲኳን አየ፤ ቀና ብሎ ጅብሪልን አየ። የኮቱን ቁልፎች ቀስ ብሎ ቆለፈ።

«ስለ መሪው በኋላ እንነጋገራለን» አላት። «አሁን ወንደሰን ፀጉር ቤት ልሂድ።»

«ይቆዩ እንጂ፣ ላስቲክ ላስገባላትና በመኪናዎ ይሂዱ» አለ ጅብሪል።

«በእግሬ ይሻለኛል። ቅዳሜ ነው፤ ያን ቀን የሰሙኝ ሁሉ አሁን እዚያ ናቸው።»

መክሊት ሹራቧን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አውርዳ ለበሰች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?»

«ላስቲኳን የደበቅኳት እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

አባቷ የግቢውን በር ከፍቶ ጠበቃት።