የተረኛዋ ቁጥር

በጥላና በመንፈስ ወሬ ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር የሚመልሰው የሰጡትን ብቻ ነው ብዬ ነው የኖርኩት፣ ይህን የማወራችሁም ላስፈራራችሁ ሳይሆን ንዴቱ ዛሬም ስላልለቀቀኝ ነው።

ካይሮ፣ ፋይሰል ሰፈር፣ ከእህቴ ከሂሩት ጋር ነበር የምንኖረው። ከአብዮቱ በኋላ ከተማው ሲታመስ አንዳንድ አሠሪዎች በቤት ሠራተኛነት በሚሠሩ የአገራችን ልጆች ላይ በር ቆልፈው ይሸሹ ነበር፣ እኔም ድረ ገጽ ሠራሁ፤ የተቆለፈባት ልጅ እዚያ ስትጽፍ መልእክቷ ለተረኛ ስልክ ይደርሳል። ተረኛዋ ሂሩት ነበረች። ቁጥሯ ኮዱ ውስጥ አልተጻፈም፣ ሰርቨሩ ላይ ኢንቫይሮንመንት በምንለው ፋይል ለብቻው ተቀምጧል፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ የተረኛውን ቁጥር ከዚያ ያነባል፣ በቃ። አንድ ቀን ዛማሌክ ሰፈር የተቆለፈባትን ልጅ ላውጣ ብላ ሄደች፣ አልተመለሰችም። ሆስፒታል የለች፣ እስር ቤት የለች።

የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ መስፍን፣ ብቻዋን የላካት እሱ ራሱ፣ መጣና «ማሌሽ፣ ምን ይደረግ፣ ቁጥሯን አውጣውና ያንተን አግባ፣ ልጆቹ ወደ ዝግ ስልክ እየጻፉ ነው፣ ኸላስ» አለኝ። ኸላስ! አለቀ! እህቴን በአንድ ቃል! ልመታው ምንም አልቀረኝም፣ እመኑኝ፤ ያለው እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እንደወጣ ቀየርኩት፣ ፕሮግራሙን አስነሳሁና ያነበበውን ቁጥር አየሁ፣ የሂሩት ነው። ቁጥሩ የተቀመጠበትን ፋይል ከፈትኩ፣ እዚያ ያለው የኔ ነው። ሰርቨሩን ሙሉ ፈተሽኩ፣ የሷ ቁጥር የትም የለም። አጥፍቼ አስነሳሁ፣ አሁንም የሷ። ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታው ከክፍሏ ስልክ ጠራ፣ አንዴ፣ አጭር፣ የሷ የጥሪ ድምፅ፣ ስልኳን እኮ ይዛው ነው የወጣችው! ሮጬ ገባሁ፣ ቻርጀሯ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሌላ ምንም የለም።

ስመለስ አዲስ መልእክት ገብቷል፣ ትዕግሥት የምትባል ልጅ፣ ከዛማሌክ፣ «ተቆልፎብኛል፣ ውሃም አልቆብኛል»። ስልኳን እንጂ የቤቱን አድራሻ አልጻፈችም። መልእክቷ የሄደው ወደ ሂሩት ቁጥር ነው። ወደ ሂሩት ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ወደ ልጅቷ ደወልኩ፣ ተይዟል። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ተይዟል።

ሰዓት እላፊው ሊገባ ሲል በራችን ተንኳኳ። አንዲት ልጅ በነጠላ ጫማ ቆማ ታለቅሳለች።

«የሂሩት ወንድም አንተ ነህ? ትዕግሥት ነኝ። ደውላልኝ የወጥ ቤቱ መስኮት እንዴት እንደሚከፈት ነገረችኝ፣ የትኛው ማይክሮባስ ላይ እንደምወጣም፣ እዚህ እስክደርስ ስልኩን አልዘጋችውም።»

«ማን ናት የደወለችልሽ?!» ብዬ ጮህኩባት።

«ሂሩት ናታ! ‹ወንድሜ ይቆጣሻል፣ አትፍሪው፣ ሲርበው ነው› ብላኛለች።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

ጋሽ መስፍን «ልጅቷ ደንግጣ ነው» አለ፣ ይበል። ከዚያ ወዲህ ስንቶቹ ወጥተው እህትህን አመስግንልን ብለውኛል፣ እኔ ግን በየቀኑ እደውልላታለሁ፣ ዝግ ነው። ለማታውቀው ሁሉ ደርሳ የገዛ ወንድሟን አንዲት ቃል ትነፍገዋለች?

ባለፈው ሳምንት በሬን ከውስጥ ቆለፍኩና እዚያው ድረ ገጽ ላይ «ተቆልፎብኛል» ብዬ ጻፍኩ። ከክፍሏ ስልኩ ጠራ፣ አንዴ፣ አጭር። ስልኬን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። እስካሁን አልደወለችም።